ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ግቢ፦ በወዳጅ ዘመድ እጅ ሠርግ እንዴት ይሰናዳል?

ባለቤቴ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። የተጋባነው በአክስቴ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ነው። እንግዳው 90 ሰው ነበር። ምግቡን ያበሰሉት፣ ወንበሩን የደረደሩት፣ አበባውን ያሰሩት የምንወዳቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባሉ ሦስት ሠርጎች ላይ ሽር ጉድ ብያለሁ። ይህን የምጽፈው ያንኑ መንገድ ለጀመራችሁ ነው።

ብዙ ሰው የወዳጅ ዘመድ እርዳታን የሚያስበው ወጪ መቀነሻ አድርጎ ነው። ወጪ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ሃይማኖታቸው ለተለያየ ሙሽሮች ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ሁለቱ ቤተሰቦች በሠርጉ ቀን ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከመተያየታቸው በፊት ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ። አብሮ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ባዕድ ሆኖ አይቀመጥም። ስለዚህ ሥራውን ስታከፋፍሉ ማን ምን ይሥራ ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይሥራ የሚለውንም አስቡበት። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

1. ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ተነጋገሩ

መጀመሪያ ሁለታችሁ ለየብቻ ቁጭ ብላችሁ ሦስት ዝርዝር ጻፉ። የግድ የምፈልገው። ቢኖር ደስ የሚለኝ። በአፌ የማልለው ወይም በአካሌ የማላደርገው። ከዚያ ተለዋውጣችሁ አንብቡ። ሦስተኛውን ዝርዝር ሰው ይረሳዋል፤ ኋላ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። አንዱ በሥላሴ ስም የሚደረግ ቡራኬን መቀበል አይችል ይሆናል። ሌላው መስገድ፣ መንበርከክ ወይም የእምነት ቃል መድገም አይችል ይሆናል። ይሄ መጀመሪያ ይታወቅ።

ቀጥሎ የሃይማኖት አባቶችን አነጋግሩ። ቦታ ከመከራየታችሁ በፊት፣ ጥሪ ከማሳተማችሁ በፊት። ሁሉም ሃይማኖት ለዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካልተጠመቀ ሰው ጋር ለመጋባት የጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ወራት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ካልተጠመቀ ሰው ጋር ሥርዓተ ተክሊል አይፈጽሙም። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ሴት ማግባት ይችላል ይላሉ፤ ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ማግባትን ግን አይፈቅዱም። ከአይሁድ ወገን ኦርቶዶክስ የሚባሉት ወግ አጥባቂ ረቢዎች (የሃይማኖት አባቶች) እንዲህ ያለውን ጋብቻ አያጋቡም፤ ለዘብ ካሉት የሪፎርም ረቢዎች ብዙዎቹ ያጋባሉ። በባሃኢ እምነት ደግሞ በሕይወት ያሉ የሁለቱም ወገን ወላጆች ፈቃድ የግድ ነው።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ተቀበሉት፤ ሰውየውን በልመና አታስጨንቁት። ይልቅ ሌላ ነገር ጠይቁ፦ «እንደ እንግዳ መጥተው ሊመርቁን ይችላሉ?» ብዙ ጊዜ በር የሚከፈተው በዚህ ጥያቄ ነው። እናጋባለን ያሏችሁን ደግሞ በዝርዝር ጠይቁ። ከሌላ ሃይማኖት አባት ጎን ይቆማሉ? ሥርዓቱ ከአምልኮ ቦታ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ይቻላል? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ፎቶ ማንሳትና ሙዚቃስ?

ወላጆችን ለየብቻ አነጋግሩ። ለእናትሽ አንቺ፣ ለእናቱ እሱ። የሚያስፈራቸውን ነገር በምራታቸው ወይም በአማቻቸው ፊት ላይናገሩት ይችላሉ። አብዛኛው ፍርሃት ደግሞ ስለ ሠርጉ አይደለም፤ ስለሚወለዱት ልጆች ነው። ጥያቄው ሲመጣ «ገና ነው» ብላችሁ አትሽሹት። የተስማማችሁበትን ንገሯቸው።

2. ሕጋዊውን ጋብቻ ለብቻው ጨርሱ

የምመክረው ይህን ነው፦ ከሠርጉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ የመንግሥት ክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ፈርሙ። እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች ይህ ከሃይማኖታዊው ሥርዓት መቅደም ያለበት በሕግ ነው። ግዴታ ባልሆነበት ቦታም ቢሆን ሸክም ያቀልላል። የግቢው ሥርዓት ከሕግ ጣጣ ነፃ ይሆናል። ማን ያጋባ፣ ምን ይባል የሚለውን እንደ ልባችሁ ትወስናላችሁ።

ቀኑን ስትመርጡ የሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አድርጉ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ የዘንድሮውን አይታችሁ የከርሞውን አትገምቱ። በክርስቲያኑ በኩል የዐቢይ ጾም አለ። የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ሲመሽ ይወጣል፤ በዚያ መካከል ሠርግ አይደረግም።

3. የሰውን ቁጥር ግቢው ይወስነው

በቤት እጅ ለሚሠራ ድግስ ከ100 ሰው በላይ አልመክርም። ከዚያ ካለፈ ድስቱም፣ ምድጃውም፣ ማቀዝቀዣውም የሆቴል ዓይነት ይሆንና ረዳቶቻችሁ ይደክማሉ።

ግቢውን በሜትር ለኩት። በጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጠ አንድ ሰው ከ1.2 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ያዙ። የ1.5 ሜትር ክብ ጠረጴዛ 8 ሰው ያስቀምጣል። መጸዳጃ ቤት ለ50 ሰው አንድ ቢሆን ጥሩ ነው። አዛውንቶች የሚሄዱበት መንገድ ጉድጓድና ገመድ እንዳይኖርበት በዓይናችሁ ሳይሆን በእግራችሁ ፈትሹ፤ እናንተው በምሽት ሂዱበት።

ለዝናብ ሌላ ዕቅድ ይኑራችሁ። ዕቅዱን የሚወስን አንድ ሰው፣ የሚወስንበትም ሰዓት ይኑር። ለምሳሌ በዋዜማው እኩለ ቀን። ሙሽሮች በዚያ ሰዓት ሰማይ እያዩ መጨነቅ የለባቸውም።

4. ሥራውን በትናንሽ ወረቀት ጻፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጠቅላላውን ድግስ ወደ ትናንሽ ሥራዎች በትኑት። እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይፈልጋል፣ መቼ ይጀመራል፣ መቼ ያልቃል፣ ዕቃው የት አለ። የኛ 64 ወረቀት ነበር። ወለል ላይ ዘርግተን ስናየው የማይቻል የመሰለን ሁሉ የሚቻል ሆነ።

ሰው «ምን ልርዳ?» ሲላችሁ «አይ፣ አንቺ ብቻ ነይልን» አትበሉ። «የቻልሽውን» ማለትም እርዳታ አያመጣም። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። እኔ ለአክስቴ የጻፍኩላት እንዲህ ነበር፦ «አክስቴ፣ ዓርብ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ካሮትና ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው እፈልጋለሁ። ቢላና መክተፊያው እኛ ጋ አለ። አብራሽ የምትከትፈው የሱ እህት ናት። ካልተመቸሽ ምንም አይደለም፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉዋት። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ እርዳታ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል።

በቴሌግራም ግሩፕ ለሁሉም አንድ ላይ መለጠፍ አይሠራም። ሁሉም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ያልፈዋል። አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ግሩፑን ለሰዓትና ለአድራሻ ብቻ ተጠቀሙበት። የሚረዷችሁን ሰዎች ደግሞ ስጦታ እንዳያመጡ ንገሯቸው። ስጦታቸው ድካማቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ከሁለቱም ቤተሰብ ሰው አስገቡ። ኩሽናውን ለአንዱ ወገን፣ ዲኮሩን ለሌላው ወገን መስጠት ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ሁለት ሠርግ ነው የምትደግሱት።

እኛ ለጥላ የሚሆን ጨርቅ ከሁለቱም ዘመዶች ሰበሰብን። ከየቤቱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ጠየቅን። የሞተ አያት ሸሚዝ፣ የሕፃን አንሶላ፣ ያረጀ መጋረጃ መጣ። እናቴና አማቴ በአንድ የእግር ስፌት መኪና ይሰፉት ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ዝም ብለው ነበር። እናቴ የሰፋችውን መስመር አማቴ ቀስ ብላ ስትፈታው አየሁና ልቤ ደነገጠ። እናቴም አይታለች። ትንሽ ቆየችና «ይበሉ እርስዎ ይስፉ፣ እኔ ልቁረጥ» አለቻት። ከዚያ በኋላ አንዷ ቆራጭ፣ አንዷ ሰፊ ሆኑ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» መባባል ጀመሩ። ማንም ስለ ሃይማኖት አላወራም። ወሬው ሁሉ ስለ ክር ነበር።

ለዘመድ የማይሰጥ ሥራም አለ። የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትና ትልቅ ድንኳን መትከል ለባለሙያ ከፍላችሁ አሠሩት። ንፋስ ድንኳኑን ቢያነሳው የዘመድ ይሉኝታ አይመልሰውም።

5. ሥርዓቱን ጎን ለጎን አድርጉት

ብዙ ሙሽሮች ሁለቱን ሥርዓት ቆራርጠው አንድ ሊያደርጉ ይሞክራሉ። እኔ አልወደውም። ከዚህ ጸሎት ግማሽ፣ ከዚያ ግማሽ ሲወሰድ ሁለቱም ቤተሰብ የራሱን አያገኘውም። እያንዳንዱ ሥርዓት ሙሉውን፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ አባት ይፈጸም። በመካከል አጭር ዕረፍት ወይም ዜማ ይግባ።

ኒካህ፣ የእስልምናው የጋብቻ ውል፣ አጭር ነው፤ ዋናው ነገር የመስጠትና የመቀበል ቃል፣ መህር (ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ስጦታ) እና ሁለት ምስክሮች ናቸው። የሂንዱ ሥርዓት ግን በእሳት ፊት ሰባት እርምጃ አለው፣ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቱም ግቢ ውስጥ ቦታና ጥንቃቄ ይሻል። የአይሁድ ሠርግ በአራት ምሰሶ በተወጠረ ጥላ ሥር ይደረጋል። ምሰሶዎቹን አራት ሰዎች በእጃቸው ሊይዟቸው ይችላሉ፤ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው ብትመድቡ ያምራል።

እነዚህን ሁሉ ሳጠና አንድ ነገር ገረመኝ። ብዙዎቹ ምስክር ይፈልጋሉ። ኒካህ ሁለት ምስክር አለው። የአይሁድ የጋብቻ ውል ኬቱባም በሁለት ምስክር ይፈረማል። ካቶሊኮች ከካህኑ ሌላ ሁለት ምስክር ያቆማሉ። ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ የመጣው ሰው ሁሉ የጋብቻውን ወረቀት ይፈርማል። ስለዚህ የሁለታችሁ የሆነ ሦስተኛ ነገር ከፈለጋችሁ ምስክርነት ላይ ሥሩት። አንድ ትልቅ ወፍራም ወረቀት አዘጋጁ። ቃላችሁን ጻፉበት። እንግዳው ሁሉ፣ ሕፃናትም በጣት አሻራቸው ይፈርሙበት። ይህ ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም። እስክሪብቶው በፀሐይ የማይደበዝዝ ይሁን።

ለእንግዳው አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጁ። አሁን ምን እየተደረገ ነው፣ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ከእንግዳው ምን ይጠበቃል። «ሲጸለይ በዝምታ መቆም በቂ ነው» የሚል አንድ መስመር ስንቱን ሰው ከጭንቀት ያድናል። ጸሎቱ ሲያልቅ አንዱ ወገን «አሜን»፣ ሌላው «አሚን» ይላል። እኛ ጋ ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ተያየ።

ሶላት ለሚሰግዱ እንግዶች ንጹሕ ጥግ፣ ምንጣፍና የውዱእ (ከሶላት በፊት የመታጠቢያ) ውሃ አዘጋጁ፤ ቂብላውን፣ ማለትም የሚሰገድበትን አቅጣጫ፣ አስቀድማችሁ አመልክቱ። የመግሪብ ሶላት ሰዓት ፀሐይ እንደጠለቀች ስለሆነ በዚያ ደቂቃ ኬክ አትቁረጡ። ሩብ ሰዓት ክፍት ተዉ።

6. ምግቡ ሁሉም የሚበላው ይሁን

ሁለት ኩሽና አትክፈቱ። ዋናውን ምግብ ከአትክልት፣ ከጥራጥሬና ከሩዝ ሥሩት፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት። ይህን ጿሚውም፣ ሙስሊሙም፣ ሂንዱውም ይበላዋል። ሥጋ ካስፈለገ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከሐላል ሥጋ ቤት ተገዝቶ፣ በራሱ ድስትና በራሱ ጭልፋ፣ በሌላ ጠረጴዛ ላይ። ክርስቲያን ዘመዶቻችሁ የሐላል ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ወይም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቁ እንግዶች ካሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። የአይሁዱ ሕግ ሥጋና ወተትን ከማደባለቅ በላይ ዕቃውንም ይመለከታል፤ ለእነሱ የታሸገ ምግብ ከታወቀ አቅራቢ ማምጣት ይሻላል።

የተደበቁ ነገሮችን ተጠንቀቁ። ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። ብዙው ፈሳሽ ቫኒላና አንዳንድ ስጎ አልኮል አለበት። መጠጥ የሚቀርብ ከሆነ ለብቻው ይቀመጥ፤ ምግብና ኬክ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግባ። በየሳህኑ ፊት ምን እንደተደረገበት የሚገልጽ ካርድ አድርጉ። ለውዝና ወተት የማይስማማው ሰውም ይጠቀምበታል።

ለልኬታ ያህል፦ ለአንድ ሰው 75 ግራም ጥሬ ሩዝ ይበቃል፣ ለ100 ሰው 7.5 ኪሎ ማለት ነው። በጠቅላላው የበሰለ ምግብ ለአንድ አዋቂ ግማሽ ኪሎ አስቡ። ውሃ ለሰው 1 ሊትር። በረዶ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ፤ ሞቃት ቀን ከሆነ 1 ኪሎውን ያዙ። ሳህን ከእንግዳው ቁጥር አንድ አምስተኛ ይትረፍ።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። በዋዜማው ማታ አንድ ትልቅ ድስት የምስር ስጎ አብስለን ከድነን አሳደርነው። ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ አረፋ ነበረው፣ ሽታውም ኮምጥጧል። ለ90 ሰው የተሠራውን ምግብ ደፋነው። ትልቅ ድስት መሐሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፤ ተህዋስያን ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ። ስለዚህ የበሰለውን ወዲያው ጥልቀት ወደሌላቸው ትሪዎች አካፍሉት፣ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ወደ 5 ዲግሪ ይውረድ። በረዶ ያለበት ውሃ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ሩዝን በተለይ በቀኑ አብስሉት። ውጭ ባደረ ሩዝ ላይ የሚያድግ አንድ ባክቴሪያ የሚያወጣው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ገበታ ላይ የቀረበ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ። የምግብ ቴርሞሜትር ግዙ።

ኬኩን ቀላል አድርጉት። አንድ ትልቅ ከመሥራት ስድስት ቤት አንድ አንድ ትንሽ ኬክ ጋግሮ ቢያመጣ ጠረጴዛው ይሞላል።

7. ግቢውን ማስዋብ

ይህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው እዚህ ላይ ስለሆነ። የማርማላታ ጠርሙስ፣ አቡጀዲ፣ የቃጫ ገመድ፣ የተገኘው አበባ። በቃ። አበባውን በጠዋት ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፣ ጫፉን በሰያፍ ቁረጡና ቀዝቃዛ ጨለማ ክፍል ውስጥ በባልዲ አሳድሩት። የድርቆሽ እስር ለመቀመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት፤ ሻማና ሲጋራ አያስጠጉት። ለአዛውንት ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ነው የሚገባው።

የጥቅልል ኤክስቴንሽን ገመድ ስትጠቀሙ ሙሉውን ዘርጉት። ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲሸከም ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። 10 አምፔር መስመር በ220 ቮልት 2,200 ዋት ያህል ነው የሚችለው፤ አንድ ውሃ ማፍያ ብቻውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ውሃ ማፍያውና ስፒከሩ በአንድ መስመር ላይ አይሁኑ።

8. የዕለቱ አዛዥ

ሙሽራ፣ ሙሽሪት፣ ወላጅና ሚዜ ያልሆነ አንድ ሰው ምረጡ። ረጋ ያለ፣ ሰው የሚሰማው። ስልካችሁን ለሱ ስጡት። ከዚያ በኋላ «ቢላው የት ነው?» የሚል ጥያቄ ሁሉ ወደ እሱ ይሂድ። በዋዜማው ሁለቱን የሃይማኖት አባቶች፣ አዛዡንና ማይክ ያዡን ይዛችሁ መግቢያና መቆሚያውን አንዴ ተለማመዱ።

አንድ ሕግ ደግሞ ይኑር። ቃል ስትገቡ ኩሽና ውስጥ ማንም አይኑር። ምግቡን ለ40 ደቂቃ ብቻውን የሚቆይ አድርጋችሁ አቅዱ፤ እሳቱ ይጥፋ፣ ሙቁ ምግብ በሙቅ መያዣ ይቀመጥ። ሦስት ቀን የደከመች አክስት ዋናውን ነገር በመስኮት ማየት የለባትም።

9. ከሠርጉ በኋላ

የማጽጃ ቡድኑ ሲያበስል ያልዋለ ይሁን። ወጣቶችን መድቡ፤ ለነሱም ምግብ አስቀምጡ። የተረፈው ምግብ ሰዓቱ ያላለፈበት ብቻ ይታሸግ።

በውሰት የመጣ ዕቃ ሁሉ ገና ሲመጣ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፋችሁ የባለቤቱን ስም ጻፉበት። ስሙ በውሃ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍ። ሲመጣ ፎቶ አንሱት፣ በደብተርም መዝግቡት። በሳምንቱ ሁለታችሁ ራሳችሁ እየዞራችሁ መልሱ። ድስቱን ባዶውን አትመልሱ፤ ውስጡ ትንሽ ነገር ይኑር፣ የፈረሙበት ወረቀት ፎቶም ቢሆን። እኛ 11 ቤት ዞረናል። ከእሱ ዘመዶች ቤት የተዋስነውን ድስት እኔ ተሸክሜ ገባሁ፤ ከእኔ ዘመዶች የተዋስነውን እሱ።